የፎቅ ወለል መርገብ

የፎቅ ወለል መርገብ ማለት የአንድ ቤት የላይኛው ክፍል ወለል መጀመሪያ ከተሠራበት ልክ ወርዶ መሐሉ ሲጎደጉድ ወይም አንዱ ጠርዙ ዝቅ ሲል የሚታይ የቤት ጉዳት ነው። በተለመደው አነጋገር «ወለሉ ሰመጠ»፣ «ጎበጠ» ወይም «ወረደ» ይባላል። በእንጨት ወለሎች ላይ በብዛት ይታያል፤ በአርማታ ወለሎችም ላይ ይከሰታል፣ ነገር ግን ምክንያቱም ጥገናውም የተለየ ነው።

ወለል ስለረገበ ብቻ ቤቱ ሊፈርስ ነው ማለት አይደለም። ብዙ አሮጌ ወለሎች ከተሠሩ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ረግበው ከዚያ ወዲህ ሳይንቀሳቀሱ ለአሥርተ ዓመታት ኖረዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ መታወቅ ያለባቸው ሁለት ነገሮች የወረደው የቱ ጋ እንደሆነና አሁንም እየወረደ መሆን አለመሆኑ ናቸው። መሐሉ የረገበ ወለል አብዛኛውን ጊዜ የቀጠነ እንጨት ወይም የበዛ ጭነት ምልክት ነው። ከግድግዳው ጥግ የወረደ ወለል ግን የተሸካሚው እንጨት ጫፍ መበስበሱን ወይም ግድግዳው ራሱ መንቀሳቀሱን ስለሚያመለክት፣ የወረደው ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም እንኳ ይበልጥ ያሠጋል።

የእንጨት ወለል አሠራር

የእንጨት ፎቅ ወለል ክብደት የሚሸከሙት አግዳሚዎች ናቸው። አግዳሚ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ግድግዳ በጎኑ ተዘርግቶ ሁለቱ ጫፎቹ በግድግዳው ውስጥ ወይም በግድግዳው ላይ የሚያርፉ እንጨት ነው። አግዳሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ይደረደራሉ። በላያቸው ጣውላ በሚስማር ይመታል፤ ከሥራቸው ደግሞ የምድር ቤቱ ኮርኒስ ይንጠለጠላል። በድሮ ቤቶች ኮርኒሱ ብዙ ጊዜ ተወጥሮ ቀለም የተቀባ አቡጀዲ ነው። ይህ ጨርቅ አግዳሚዎቹን ከዓይን ስለሚሰውር፣ የበሰበሰ እንጨት ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

አግዳሚ ጭነት ሲያርፍበት ይጎብጣል። የላይኛው ገጽ ሲጨመቅ የታችኛው ገጽ ደግሞ ይወጠራል። በዚህም የተነሳ የእንጨቱ ቁመት (ከላይ እስከ ታች ያለው ልኬት) ከስፋቱ እጅግ የበለጠ ዋጋ አለው። አንድ 5 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንጨት በቁሙ ሲቀመጥ፣ በጎኑ ተጋድሞ ከሚቀመጥበት ይልቅ 9 እጥፍ ግትር ነው። እንጨቱ ያው ነው፤ የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው።

የመርገብ ስሌት

በሁለት ጫፎቹ ላይ ያረፈና ጭነቱ በእኩል የተሰራጨበት አግዳሚ መሐሉ ላይ የሚረግበው መጠን ከአምስት ነገሮች ጋር ይያያዛል። ከጭነቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል። ከርዝመቱ ጋር በአራተኛ ደረጃ ያድጋል፤ ማለትም ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን መርገቡ 16 እጥፍ ይሆናል። ከቁመቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ይቀንሳል፤ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን መርገቡ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ከእንጨቱ ስፋትና ከእንጨቱ ዓይነት ግትርነት ጋር ደግሞ በተራ ንጽጽር ይቀንሳል።

በቁጥር ለማየት 4 ሜትር ስፋት ባለው ክፍል ላይ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ የተደረደሩ 5 በ15 ሳንቲ ሜትር አግዳሚዎች እንውሰድ። የወለሉ የራሱ ክብደት በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ግራም፣ የሰውና የዕቃ ጭነት ደግሞ ለመኖሪያ ቤት በተለምዶ እንደሚወሰደው 200 ኪሎ ግራም ይሁን። የእንጨቱ የያንግ ሞጁል 9,000 ሜጋ ፓስካል ከሆነ፣ ጭነቱ ሙሉ በሙሉ ሲያርፍ መሐሉ ወደ 32 ሚሊ ሜትር ይረግባል። በተመሳሳይ ጭነት ክፍሉ 3 ሜትር ቢሆን ኖሮ ወደ 10 ሚሊ ሜትር፣ ወይም 4 ሜትሩ እንዳለ ሆኖ የአግዳሚው ቁመት 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ኖሮ ወደ 14 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆን ነበር። አምስት ሳንቲ ሜትር እንጨት የቆጠበ አናጺ ከእጥፍ በላይ የሚረግብ ወለል ያስረክባል።

ምን ያህል መርገብ ይፈቀዳል ለሚለው ጥያቄ በአውሮፓ የግንባታ ደንቦች (ዩሮኮድ) ውስጥ በብዛት የሚጠቀሰው ወሰን ከአግዳሚው ርዝመት አንድ 250ኛ ነው። ይህም ለ4 ሜትር 16 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣቻቸው የሕንፃ ደንቦችም በነዚሁ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ይህ ወሰን በዋነኛነት የምቾት፣ የመልክና የበርና መስኮት ጉዳይ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 32 ሚሊ ሜትር የረገበው አግዳሚ ከወሰኑ እጥፍ ያለፈ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ውጥረት 13 ሜጋ ፓስካል ገደማ ነው። ጤነኛና ደረቅ እንጨት ለመሰበር ከዚህ ብዙ እጥፍ ያስፈልገዋል። ግትርነትና ጥንካሬ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በመሆናቸው፣ በጣም የረገበው ወለል ሁልጊዜ በጣም አደገኛው አይደለም።

መንስኤዎች

ከላይ የተጠቀሰው ስሌት የሚነግረን ጭነቱ ባረፈበት ዕለት የሚሆነውን ነው። እንጨት ግን ጭነት ለረጅም ጊዜ ሲቆይበት ምንም ሳይጨመርበት ቀስ በቀስ መርገቡን ይቀጥላል። ይህ ባሕርይ በምሕንድስና ክሪፕ ይባላል። እንደ ዩሮኮድ አቆጣጠር፣ ሁልጊዜ ከሚኖር ጭነት የሚመጣው መርገብ በደረቅ ቤት ውስጥ በጊዜ ብዛት 60 በመቶ ይጨምራል፤ እርጥበት በማይለየው ቦታ ግን 200 በመቶ ይጨምራል፣ ማለትም መጀመሪያ ከነበረው ሦስት እጥፍ ይሆናል። እርጥብ ሳለ የተገጠመ እንጨት በዚሁ መንገድ ጭነት ተሸክሞ ስለሚደርቅ፣ የጎበጠበትን ቅርጽ እንደያዘ ይቀራል። ባሕር ዛፍ በዚህ በኩል የታወቀ ነው። ተቆርጦ ብዙ ሳይቆይ ወደ ሥራ ስለሚገባ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ሚስማሮቹም ይላላሉ።

ጭነት የሚጨመረው ብዙ ጊዜ ማንም ሳያስበው ነው። አንድ ሙሉ በርሜል ውሃ 200 ኪሎ ግራም ሲሆን የሚያርፈው ከግማሽ ካሬ ሜትር ባነሰ ቦታ ላይ ነው። አሥር ኩንታል ጤፍ አንድ ቶን ነው። ከሁሉም የከፋው ግን ሁልጊዜ የሚኖር ጭነት ነው። በጣውላ ላይ የፈሰሰ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሊሾ በካሬ ሜትር 60 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ 4 በ4 ሜትር በሆነ ክፍል ላይ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። ክፍሉን ለሁለት ለመክፈል የሚቆም 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ግድግዳ፣ ቁመቱ 2.70 ሜትር ከሆነ፣ በአንድ ሜትር ርዝመቱ 600 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ይህ ግድግዳ ከአግዳሚዎቹ ጋር ትይዩ ሆኖ በሁለት አግዳሚዎች መካከል ከቆመ፣ ክብደቱን የሚሸከመው ጣውላውና ሁለቱ አግዳሚዎች ብቻ ናቸው።

የእንጨት ጠላቶች ሁለት ናቸው፦ መበስበስና ምስጥ። የሚያበሰብሰው ፈንገስ ከ20 በመቶ በታች እርጥበት ባለው እንጨት ላይ አያድግም። ስለዚህ ደረቅ የክፍል መሐል ላይ ያለ አግዳሚ አይበሰብስም ማለት ይቻላል። የሚበሰብሰው ጫፉ ነው። ጫፉ በድንጋይ ወይም በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ አየር አያገኝም፤ ከተቀደደ ቆርቆሮ፣ ከተዘጋ አሸንዳ ወይም ከበረንዳ የሚወርድ ውሃም በግድግዳው በኩል ይደርሰዋል። መጸዳጃ ወይም መታጠቢያ በኋላ የተጨመረበት ፎቅ ከሆነ ደግሞ በቧንቧው ዙሪያ ያለው እንጨት መመርመር ይኖርበታል። ምስጥ በበኩሉ ከመሬት ተነስቶ በግድግዳው ላይ በሠራው የአፈር መተላለፊያ ይወጣና የእንጨቱን ልብ በልቶ ቅርፊቱን ይተዋል። ጽድ ምስጥን በደንብ ይቋቋማል፤ ዝግባና ባሕር ዛፍ ግን በቀላሉ ይጠቃሉ።

ሌላው መንስኤ የሰው እጅ ነው። ምድር ቤቱን ወደ ሱቅነት ለመለወጥ መሐል ግድግዳ ሲፈርስ፣ ሁለት ሁለት ሜትር ይዘረጉ የነበሩ አግዳሚዎች በአንድ ጊዜ አራት ሜትር እንዲሸከሙ ይደረጋል። በአራተኛው ደረጃ ሕግ መሠረት መርገቡ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። አግዳሚዎቹ በዚያ ግድግዳ ላይ ከተቀጣጠሉ ደግሞ ጉዳዩ ከመርገብ አልፎ ወለሉ ይወድቃል። የቧንቧ ሠራተኛ አግዳሚውን ከሥሩ ሲቆርጠው የሚያደርሰው ጉዳትም ቀላል አይደለም። 15 ሳንቲ ሜትር የነበረ ቁመት በ5 ሳንቲ ሜትር ቢቀነስ፣ በተቆረጠበት ቦታ ግትርነቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

በመጨረሻም ወለሉ ጤነኛ ሆኖ ከሥሩ ያለው ቤት የሚወርድበት ጊዜ አለ። በአዲስ አበባ በደቡብና በምሥራቅ በኩል በብዛት የሚገኘው ጥቁር የኮትቻ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ጥልቀት የሌለው መሠረት ከዚህ አፈር ጋር ይወጣል ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የሚታየው ምልክት የወለል መጎድጎድ ሳይሆን መዝመም ነው፤ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን የሚነሱ ሰያፍ ስንጥቆችም አብረውት ይመጣሉ።

በአዲስ አበባ ነባር ቤቶች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተሠሩ ባለ ፎቅ ቤቶች ብዙዎቹ ተመሳሳይ አሠራር አላቸው። ምድር ቤቱ በጭቃ የተገነባ ድንጋይ ነው፤ ፎቁ በእንጨትና በጭቃ የቆመ ሲሆን ዙሪያውን ወይም ፊቱን የእንጨት በረንዳ ይይዘዋል። ከአገሬው አናጺዎች ጋር የአርመንና የሕንድ ግንበኞች በዚህ ሥራ ይታወቁ ነበር። ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሚገኝበት የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ከዚያ ዘመን ከተረፉት አንዱ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የጎንደር ግንብ አሠራርም ፎቁን የሚዘረጋው በእንጨት ነበር፤ በፋሲል ግቢ ጣራና ወለል በሌላቸው ግንቦች ግድግዳ ላይ አግዳሚዎቹ ያርፉባቸው የነበሩ ጉድጓዶች አሁንም ይታያሉ። ድንጋዩ ቆሞ የቀረው ወለሉ ግን የጠፋው እንጨት ከድንጋይ እኩል ስለማይኖር ነው።

የአዲስ አበባዎቹ ቤቶች የተሠሩት በአብዛኛው ለአንድ ቤተሰብ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ብዙዎቹ ለበርካታ ቤተሰቦች ተከፋፈሉ። ለወለሉ ይህ ማለት ተጨማሪ ግድግዳ፣ ተጨማሪ አልጋና ቁምሳጥን፣ ፎቅ ላይ የተተከለ ማድቤት፣ በርሜል ውሃ ማለት ነው። የተጠበቀው አነስተኛ ኪራይ ተከራዩን ጠቅሟል፤ ቆርቆሮ ለመቀየርና አሸንዳ ለመጥረግ የሚሆን ገንዘብ ግን አላስገኘም። የጣራ ውሃ ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳም ወደ አግዳሚ ጫፍ የሚወርደው በዚህ መንገድ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው በተካሄደው የኮሪደር ልማት በርካታ ነባር ቤቶች ፈርሰዋል። በቀሩት ላይ የሚነሳው ክርክር ብዙ ጊዜ «ወለሉ እኮ ረግቧል» በሚል ይጀምራል። ከላይ እንደተገለጸው መሐሉ የረገበ፣ ጫፉ ግን ጤነኛ የሆነ ወለል ሊጠገን የሚችል ነው፤ ያለ ምርመራ በዓይን ብቻ የሚሰጥ ፍርድ ግን ሁለቱን አይለይም።

ምርመራ

ለምርመራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ ልክ፣ ማለትም ውሃ የተሞላ ባለ ብርሃን የላስቲክ ቱቦ፣ ከብዙ ዘመናዊ መሣሪያ የማይተናነስ ልኬት ይሰጣል። በክፍሉ አራት ግድግዳዎች ላይ በውሃ ልክ አንድ ዓይነት ከፍታ ያለው መስመር ይሰመራል። ከዚያ ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ተወጥሮ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ከሲባጎው እስከ ወለሉ ያለው ርቀት ይለካል። ቁጥሮቹ በወረቀት ላይ እንደ ሠንጠረዥ ሲጻፉ የወለሉ ካርታ ይወጣል።

ካርታው ራሱ ብዙ ይናገራል። ቁጥሮቹ መሐል ላይ ትልቅ፣ በጠርዙ ላይ ትንሽና በሁሉም በኩል ተመሳሳይ ከሆኑ ችግሩ የአግዳሚ ግትርነት ወይም ጭነት ነው። በአንድ መስመር ላይ ብቻ ካደጉ አንድ አግዳሚ ተሰብሯል፣ ተቆርጧል ወይም በላዩ ግድግዳ ቆሟል። በአንዱ ግድግዳ በኩል ሁሉም ካደጉ የአግዳሚዎቹ ጫፎች ወይም ግድግዳው ወርዷል። ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው በእኩል የሚጨምሩ ከሆነ ቤቱ ራሱ ዘሟል፤ በዚህ ጊዜ ቱንቢ በግድግዳው ላይ ጥሎ ማረጋገጥ ይቻላል።

ቀጥሎ እንጨቱ ይታያል። ኮርኒሱ ቢያንስ በግድግዳው ዳር ዳር ተነስቶ እያንዳንዱ የአግዳሚ ጫፍ በመዶሻ ይመታል። ጤነኛ እንጨት ጠንካራ ድምፅ ሲሰጥ የተበላው ያስገመግማል። ካቻቢቴ ወይም ወስፌ ያለ ብዙ ጉልበት ሁለት ሳንቲ ሜትር ከገባ እንጨቱ በስብሷል። ወለሉ በመሐል ምንም ያህል ቢረግብ ይህን ምርመራ መዝለል አይገባም፤ ምክንያቱም ጫፉ ሲበሰብስ እንጨቱ ከመጎበጥ ይልቅ በድንገት ይለቃል።

ወለሉ አሁንም መውረድ አለመውረዱን ለማወቅ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል። ስንጥቅ ባለበት ቦታ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ስስ የጀሶ ድልድይ ይለጠፍና ቀኑ ይጻፍበታል። ጀሶ ስለማይለጠጥ ትንሽ እንቅስቃሴ ቢኖር ይሰነጠቃል። የወለሉም ልኬት በየወሩ ይደገማል። ጥቁር አፈር ባለበት ሰፈር ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሳያልፍ ውሳኔ ላይ መድረስ ጥሩ አይደለም።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶችም አሉ። በቀናት ውስጥ የሚጨምር መርገብ፣ ማታ ማታ የሚሰማ የእንጨት መሰንጠቅ ድምፅ፣ ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ መያዙ፣ በወለሉና በግድግዳው መካከል እየሰፋ የሚሄድ ክፍተት፣ ከግድግዳው እየወጣ ያለ የአግዳሚ ጫፍ። ከነዚህ አንዱ ሲታይ ከላይ ያለው ከባድ ዕቃ ይወርዳል፣ ከሥሩ ያለው ክፍል ይለቀቃል፣ ወለሉም በጊዜያዊ ምሰሶ ይደገፋል።

ጥገና

ጥገና የሚጀምረው ጭነትን በማውረድና ውሃን በማቆም ነው። ሊሾ ካለ ይነሳል፤ ቆርቆሮና አሸንዳ ይስተካከላል። የሚፈስ ጣራ ሥር የተተካ አዲስ አግዳሚ የአሮጌውን ዕጣ ይከተላል።

ጊዜያዊ ድጋፍ አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ብዙ ስሕተት የሚፈጸምበት ነው። ከአግዳሚዎቹ ሥር በአቋራጭ አንድ ወፍራም እንጨት ይያዝና ምሰሶዎች ይቆሙለታል። የእያንዳንዱ ምሰሶ እግር በሰፊ ሳንቃ ላይ ማረፍ አለበት፤ አለበለዚያ ወደ አፈሩ ይሰምጣል። ምድር ቤቱ በእንጨት ወለል የተሸፈነ ከሆነ ምሰሶው እስከ መሬት መውረድ ይኖርበታል። ምሰሶው በሽብልቅ ሲጠብቅ ወለሉን እንዲደግፈው እንጂ እንዲያነሳው አይደለም።

ወለሉን ወደ ቦታው ማንሳት የተለየ ሥራ ነው። ክሪክ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አምስት ሳንቲ ሜትር ሊያነሳ ይችላል፤ ነገር ግን ለሃምሳ ዓመት ጎብጦ የኖረ እንጨት፣ በላዩ ያለ ልስንና በአጠገቡ ያለ የጭቃ ግድግዳ ይህን አይችሉም። ልምድ ያላቸው አናጺዎች በቀን ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አያነሱም፤ በየዕለቱም ስንጥቅ አለመኖሩን ያያሉ። ከክሪፕ የመጣው መርገብ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ስለዚህ ወለሉን ፍጹም ልክ ለማድረግ ከመታገል ይልቅ ማጠንከርና በቀረው ጉድለት ላይ በሽብልቅ ቅርጽ የተላገ ቀጭን እንጨት አስገብቶ ጣውላውን ማስተካከል ይመረጣል።

አግዳሚው ጤነኛ ሆኖ የቀጠነ ከሆነ የተለመደው መፍትሔ በጎኑ አዲስ አግዳሚ መጨመር ነው። አዲሱ እንጨት ደረቅ መሆን አለበት፤ እንደ አሮጌው ሁሉ በሁለቱም ግድግዳ ላይ ማረፍ አለበት። ሁለቱ በሚስማር ብቻ ሳይሆን በቡሎን ይታሰራሉ። በምሳሌው ላይ የነበረው 5 በ15 አግዳሚ በጎኑ 5 በ20 ቢጨመርለት፣ ጠቅላላ ግትርነቱ ከ3 እጥፍ በላይ ስለሚሆን መርገቡ ከ32 ወደ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። አጭር እንጨት መሐል ላይ ብቻ መለጠፍ የሚረዳው ጥቂት ነው።

ከሥር ያለው ክፍል የሚፈቅድ ከሆነ ከሁሉ የላቀው መንገድ በመሐል አዲስ ተሸካሚ ማስገባት ነው። የአግዳሚው ርዝመት በግማሽ ስለሚቀንስ መርገቡ ወደ አንድ 16ኛ ይወርዳል። ተሸካሚው ወፍራም እንጨት ወይም የብረት ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። ጫፎቹ በጭቃ ግድግዳ ላይ እንዲያርፉ አይደረግም፤ የራሳቸው ምሰሶና የራሳቸው የተቆፈረ መሠረት ያስፈልጋቸዋል። ቀድሞ የወለሉ ጭነት በመላው ግድግዳ ላይ ተሰራጭቶ ነበር፤ አሁን ግን ከፊሉ በሁለት ነጥቦች ላይ ተሰብስቧል።

የበሰበሰ ጫፍ ያለው አግዳሚ ሁሉ አይጣልም። የበሰበሰው ክፍል እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ፣ ጥቂትም ጨምሮ፣ ይቆረጣል። ከዚያ በሁለቱም ጎን አዲስ እንጨት ወይም የብረት ሳህን ተይዞ በበርካታ ቡሎኖች ይታሰራል፤ አዲሱ ጫፍ ወደ ግድግዳው ይገባል። ጫፉ የሚያርፍበት ጉድጓድ በሲሚንቶ አይደፈንም። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርጎ በጎኑና በጀርባው አየር የሚዘዋወርበት ጥቂት ክፍተት ይተዋል። በአሮጌ ቤት ጥገና ላይ ሲሚንቶ በብዛት የሚያደርሰው ጉዳት ይኸው ነው፤ ውሃ እንዳይገባ ተብሎ የተደፈነው ጉድጓድ የገባው ውሃ እንዳይወጣ ያደርጋል። የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰንም ተመሳሳይ ውጤት ስላለው በኖራ ወይም በጭቃና ጭድ መለሰን ይሻላል።

የተለመዱ ስሕተቶች

ከሁሉ የበዛው ስሕተት የረገበውን ወለል በሊሾ ሞልቶ ማስተካከል ነው። ሊሾው መሐል ላይ ይወፍራል፤ ክብደቱም በጣም ደካማ በሆነው ቦታ ላይ ይከማቻል። ወለሉ በዚህ ክብደት እንደገና ይረግባል፤ ባለቤቱም ሁለተኛ ሊሾ ያፈስሳል። ራሱን የሚያባብስ ዑደት ነው። በላይኛው ምሳሌ 3 ሳንቲ ሜትር ሊሾ ብቻውን የቀን አንድ መርገቡን ከ32 ወደ 40 ሚሊ ሜትር ያደርሰዋል፤ ሁልጊዜ የሚኖር ጭነት በመሆኑም ክሪፑ ከዚያ በኋላ ይታከልበታል።

ሁለተኛው ከረገበው ቦታ ሥር በሊሾ ወይም በባዶ አፈር ላይ አንድ ምሰሶ ማቆም ነው። ለጊዜው ይይዛል፤ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ግን ምሰሶው ሰምጦ ወለሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሦስተኛው የማይዘጋውን በር ከሥሩ መላግ ነው፤ ወለሉና ግድግዳው እየወረዱ መሆናቸውን የሚነግር ርካሽ መለኪያ በዚህ ይጠፋል።

የአርማታ ወለል

በቅርብ ዘመን በሚሠሩ ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ወለሉ ብዙውን ጊዜ ሶሌታ ነው፦ ወይ ሙሉ አርማታ፣ ወይም በብሎኬት መካከል የተዘረጋ አርማታ። ሶሌታ በምስጥ አይበላም፤ እርሱም ግን ይረግባል። በአርማታ ውስጥ በጊዜ ብዛት የሚመጣው መርገብ ጭነቱ እንዳረፈ ከታየው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ዋና ዋና መንስኤዎቹ የሚፈጠሩት በግንባታው ወራት ነው። ከሥሩ የሚደግፉት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች በተደለደለ ልቅ አፈር ላይ ስለሚቆሙ አርማታው ሳይጠነክር ይሰምጣሉ፤ ወይም እንጨቱ ለሌላ ሥራ ስለሚፈለግ ቶሎ ይነቀላል። አርማታ የታቀደለት ጥንካሬ የሚለካው በ28 ቀን ነው፤ ውሃ ሳይጠጣ የደረቀ ሶሌታ ግን 28 ቀንም ቢጠበቅለት እዚያ አይደርስም።

በረንዳ ለብቻው መነሳት አለበት። ከግድግዳ ወጥቶ የተንጠለጠለ የአርማታ በረንዳ የሚወጠረው በላይኛው ገጽ ስለሆነ ዋናው ፌሮ ከላይ መቀመጥ አለበት። አርማታ በሚፈስበት ቀን ሠራተኞች በፌሮው ላይ ሲመላለሱ ወደ ታች ይጫንና በመሐል ወይም በሥር ይቀራል። እንዲህ ያለ በረንዳ ጫፉ ዝቅ ይላል፤ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ከላይ በኩል ስንጥቅ ይታያል። ይህ ስንጥቅ በሚታይበት በረንዳ ላይ መውጣትም ከሥሩ መቆምም አይገባም፤ ሲወድቅ በቂ ማስጠንቀቂያ ላይሰጥ ይችላልና።

የረገበ ሶሌታ በክሪክ አይነሳም፤ ከተነሳ ፌሮ በሌለው በላይኛው ገጽ በኩል ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በኢፖክሲ መሙላት ውሃ ወደ ፌሮው እንዳይደርስ ይረዳል እንጂ የጎደለ ፌሮን አይተካም። ማጠንከር ሲያስፈልግ ከሥሩ የብረት ተሸካሚ ይገባል፤ ወይም የብረት ሳህን ወይም የካርቦን ጨርቅ ይለጠፋል። ይህ የመዋቅር መሐንዲስ ስሌት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ፈቃድና ኃላፊነት

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ (ቁጥር 624/2001) ሕንፃ ለመሥራትም ሆነ ለመለወጥ ፈቃድ እንዲጠየቅ ደንግጓል። ተሸካሚ ግድግዳ ማፍረስ፣ አዲስ ምሰሶና ተሸካሚ ማስገባት ቀለም ከመቀባት የተለየ ሥራ ነው። በመንግሥት ቤት የሚኖር ተከራይ አወቃቀሩን የሚነካ ጥገና ከማድረጉ በፊት ቤቱን የሚያስተዳድረውን ክፍል ማስፈቀድ ይጠበቅበታል። በቅርስነት በተመዘገበ ቤት ላይ ደግሞ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ይታከላል። በተግባር ማመልከቻው ምላሽ እስኪያገኝ ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ ከማመልከቻው ጋር ቀን የተጻፈበት የወለል ልኬትና የስንጥቆቹ ፎቶግራፍ ማያያዝ ይጠቅማል። ልኬቱ በየወሩ እየተደገመ ሲጨመርበት ወለሉ ቆሞ እንደሆነ ወይም እየወረደ እንደሆነ ለሚወስነው ባለሙያ በግልጽ ያሳያል።